በዓረብኛ ማበላለጥ፦ ከ«ከቢር» ወደ «አክበር» የሚወስዱ ሰባት ደረጃዎች

አማርኛ ሁለት ነገሮችን ሲያበላልጥ ቅጽሉን አይነካውም። «ይህ ቤት ከዚያኛው ይበልጥ ትልቅ ነው» ስንል «ትልቅ» ያው «ትልቅ» ነው፤ ብልጫውን የሚናገሩት «ከ» እና «ይበልጥ» ናቸው። ዓረብኛ ግን ብልጫውን እቅጽሉ ውስጥ ይከተዋል። «ከቢር» (ትልቅ) የነበረው ቃል ቅርጹን ለውጦ «አክበር» ይሆናል፤ ሌላ ረዳት ቃል አይፈልግም። ይህን ያላስተዋለ ተማሪ «አክሰር ከቢር» ይላል፤ ቃል በቃል «ይበልጥ ትልቅ» ማለቱ ነው። ሰሚው ሐሳቡን ይረዳለት ይሆናል፤ ዓረብኛው ግን ተሰብሯል።

ይህ መመሪያ በተለይ ለሁለት ሰዎች የታሰበ ነው። አንደኛው በመድረሳ ወይም በትምህርት ቤት ነህው (የዓረብኛ ሰዋስው) የጀመረ ተማሪ ነው፤ ሕጉን ያውቀዋል፣ ሲናገር ግን ይዘገይበታል። ሌላው በባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም በሊባኖስ ሲሠራ ቋንቋውን በጆሮው የለቀመ ሰው ነው፤ ንግግሩ ፈጣን ነው፣ ሕጉን ግን ማንም ቁጭ ብሎ አላሳየውም። ለሁለቱም የምለው አንድ ነው፦ በዓረብኛ ማበላለጥ ማለት ሦስት ፊደላትን ወስዶ አንድ ቅርጽ ውስጥ ማስገባት ነው። አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ ለዚህ ሥራ ከብዙ ሌሎች ተማሪዎች የተሻለ ተዘጋጅቷል፤ ምክንያቱን ወዲያው ያዩታል።

ስለ አጻጻፉ አንድ ማሳሰቢያ። ከዚህ በታች በዓረብኛ ቃላት ውስጥ «ሠ» የሷድን፣ «ሰ» የሲንንና የሣእን ድምፅ ይወክላል። «ሐ» ሓእ፣ «ኸ» ኻእ፣ «ዐ» ዐይን፣ «ገ» ገይን፣ «ቀ» ቃፍ ነው። «ደ» ለዳልም ለዷድም፣ «ዘ» ለዛይ፣ ለዛልና ለዟእ ገብቷል። ከአንድ በላይ ድምፅ የሚወክሉትን ፊደላት ትክክለኛ አወጣጥ ከመምህር ወይም ከተቀዳ ድምፅ ያጣሩ።

ደረጃ 1፦ ሦስቱን ሥር ፊደላት ያውጡ

«ቀረበ፣ ቅርብ፣ ቅርበት፣ ቁርባን» የሚሉትን ቃላት ስንሰማ ቅ-ር-ብ በሚል አንድ ሥር እንደሚገናኙ ጆሯችን ያውቃል። ዓረብኛም የሚሠራው እንዲሁ ነው። «ቀሪብ» ማለት «ቅርብ» ነው፤ ሥሩም ያው ቅ-ር-ብ ነው። ስለዚህ አንድ ቅጽል ሲያገኙ አናባቢዎቹን ያራግፉና ሦስቱን ተነባቢዎች ብቻ ይያዙ፦

ከቢር (ትልቅ) — ክ-ብ-ር
ጠዊል (ረጅም) — ጥ-ው-ል
ሰህል (ቀላል፣ የማያስቸግር) — ስ-ህ-ል
ረኺሥ (ርካሽ) — ር-ኽ-ሥ

ደረጃ 2፦ ፊደላቱን «አፍዐል» በሚለው ወዝን ያስገቡ

የዓረብኛ ሰዋስው ሊቃውንት የቃል ቅርጽን «ወዝን» ይሉታል፤ ለናሙናም ፍ-ዕ-ል የሚለውን ሥር ይጠቀማሉ። የማበላለጫው ወዝን «አፍዐል» ነው፤ በዚህ ወዝን የወጣው ቃል «ኢስሙ-ት-ተፍዲል» ይባላል። በእኛ ፊደል አዘገጃጀቱ በአንድ መስመር ያልቃል፦ «አ» ያስቀድሙ፤ የመጀመሪያውን ሥር ፊደል በሳድስ፣ ሁለተኛውን በግዕዝ፣ ሦስተኛውን በሳድስ ያስከትሉ። አ-ክ-በ-ር። አ-ጥ-ወ-ል። ድምፅዎን ከፍ አድርገው ይለማመዱት፦

ከቢር — አክበር (የሚበልጥ፣ ትልቅ)
ሠጊር — አሥገር (የሚያንስ፣ ትንሽ)
ጠዊል — አጥወል (የሚረዝም)
ቀሢር — አቅሠር (የሚያጥር)
ቀሪብ — አቅረብ (የሚቀርብ)
በዒድ — አብዐድ (የሚርቅ)
ረኺሥ — አርኸሥ (የሚረክስ)
ሰህል — አስሀል (የሚቀል)
ሠዕብ — አሥዐብ (የሚያስቸግር)
ሰሪዕ — አስረዕ (የሚፈጥን)
ነዚፍ — አንዘፍ (የሚጸዳ)
ጀሚል — አጅመል (የሚያምር)

ዋናው ቅጽል «ከቢር» ዓይነት ይሁን «ሰህል» ዓይነት፣ መድረሻው አንድ ነው። አንድን ቃል ብቻውን ከመሸምደድ ጥንዱን አብሮ መያዝ ይሻላል። «ረኺሥ — አርኸሥ» እያሉ ያጠኑ ሰዎች ሲናገሩ አይደናቀፉም።

ደረጃ 3፦ ሁለት ዓይነት ሥሮችን ለይተው ይያዙ

የመጀመሪያዎቹ ሁለተኛና ሦስተኛ ፊደላቸው አንድ የሆኑ ሥሮች ናቸው። ሁለቱ ተመሳሳይ ፊደላት ይዋሐዱና መጨረሻው ይጠብቃል፤ የግዕዙ አናባቢ ወደ መጀመሪያው ፊደል ይዛወራል። «ቀሊል» (ጥቂት) «አቅለል» መሆኑ ቀርቶ «አቀል» ይሆናል፣ «ል» ጠብቆ። እንዲሁም ጀዲድ (አዲስ) — አጀድ፣ ሸዲድ (ብርቱ) — አሸድ፣ ኸፊፍ (ክብደቱ ቀላል) — አኸፍ፣ ለዚዝ (ጣፋጭ) — አለዝ። «ሙሂም» (አስፈላጊ) የሚለውም «አህም» ሆኖ በየቀኑ ይሰማል።

ሁለተኛዎቹ መጨረሻቸው «ው» ወይም «ይ» የሆኑ ሥሮች ናቸው። ያ ደካማ ፊደል በረጅም «ኣ» ይተካል፦ ገኒይ (ሀብታም) — አግና፣ ቀዊይ (ጠንካራ) — አቅዋ፣ ዘኪይ (ብልህ) — አዝካ፣ ሑልው (ጣፋጭ፣ ደስ የሚል) — አሕላ፣ ጋሊ (ውድ) — አግላ፣ ዓሊ (ከፍ ያለ) — አዕላ። ደካማው ፊደል መካከል ላይ ሲሆን ግን አያስቸግርም፤ «ጠዊል» ያለ ምንም ለውጥ «አጥወል» ብሎ እንደወጣ አይተዋል።

ደረጃ 4፦ በ«ሚን» ያያይዙ

የአማርኛው «ከ» በዓረብኛ «ሚን» ነው። ልዩነቱ ቦታው ነው። እኛ «ከኸርጡም» ብለን እንጀምርና ብልጫውን መጨረሻ ላይ እናደርገዋለን፤ ዓረብኛ ብልጫውን ያስቀድምና «ሚን»ን ያስከትላል፦

አዲስ አበባ አዕላ ሚነል-ኸርጡም።
አዲስ አበባ ከኸርጡም ከፍ ትላለች።

«ሚን» ስምን ከሚያሳውቀው «አል» ጋር ሲገናኝ «ሚነል» እንደሚሆን ያስተውሉ። ከተውላጠ ስም ጋር ሲመጣ ደግሞ አንድ ቃል ይሆናል፦ ሚንኒ (ከእኔ)፣ ሚንከ (ከአንተ)፣ ሚንኪ (ከአንቺ)፣ ሚንሁ (ከእሱ)፣ ሚንሃ (ከእሷ)፣ ሚንና (ከእኛ)፣ ሚንኩም (ከእናንተ)፣ ሚንሁም (ከእነሱ)።

እዚህ ላይ ተማሪን የሚያሳርፍ ሕግ አለ። «አፍዐል» በ«ሚን» ሲታጀብ ለጾታም ለቁጥርም አይለወጥም፦

አሕመድ አጥወል ሚንኒ። — አሕመድ ከእኔ ይረዝማል።
ፋጢማ አጥወል ሚንኒ። — ፋጢማ ከእኔ ትረዝማለች።
ሁም አጥወል ሚንኒ። — እነሱ ከእኔ ይረዝማሉ።

በዓረብኛ ቅጽል በጾታ ካልተስማማ ስሕተት ነው ተብለው የተማሩ ሰዎች እዚህ ላይ ሴቴውን ሊያስገቡ ይቸኩላሉ። አይቸኩሉ።

ቃሉን ከስም አጠገብ ለማስቀመጥ ከፈለጉም ሕጉ ያው ነው። በሪያድ ወይም በጂዳ አንድ ልብስ ቤት ገብተው ሸሚዝ ለኩ እንበል። ትከሻው ላይ ጠበበ። «ፊህ መቃስ አክበር?» ይላሉ፤ «ተለቅ ያለ ልክ አለ?» ማለት ነው። ሻጩ አምጥቶ ዋጋውን ሲነግርዎ «ፊህ አርኸሥ ሚን ሃዛ?» ብለው ይቀጥላሉ፤ «ከዚህ የሚረክስ አለ?» ነው። በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ «ሚን» እንዳልተነገረ ልብ ይበሉ፤ የሚወዳደረው ነገር እጅዎ ላይ ስለሆነ አያስፈልግም። ስሙ ሴቴ ቢሆንም «ጉርፈ አክበር» (ሰፋ ያለ ክፍል) ይባላል እንጂ «አክበር» አይለወጥም።

ነህው ለሚያጠኑ፦ ይህ ቃል ተንዊን አይቀበልም። «አክበሩ ሚን» ይባላል እንጂ «አክበሩን ሚን» አይባልም። ያልታወቀ ስም ተከትሎ በጀር ቦታ ሲገባም በከስራ ፈንታ ፈትሓ ይይዛል፦ «ፊ በይቲን አክበረ ሚን በይቲና» (ከቤታችን በሚበልጥ ቤት ውስጥ)።

ደረጃ 5፦ «ከሁሉ የሚበልጥ» ለማለት ከሦስቱ መንገዶች አንዱን ይምረጡ

ለ«ከሁሉ» ዓረብኛ አዲስ ቅርጽ አያወጣም። ያንኑ «አፍዐል» ይዞ አጠገቡ ያለውን ቃል ይለውጣል።

መንገድ ሀ፦ «አፍዐል» እና ያለ «አል» የመጣ ነጠላ ስም። ይህ በንግግርም በጽሑፍም እጅግ የተለመደ ነው፦

አዕላ ጀበሊን ፊ ኢስዩቢያ። — በኢትዮጵያ ከሁሉ ከፍተኛው ተራራ (ራስ ደጀን)።
አክበሩ መዲነቲን ፊ ሚሥር። — በግብፅ ከሁሉ ትልቋ ከተማ (ካይሮ)።
አጥወሉ ቡርጂን ፊል-ዓለም። — በዓለም ከሁሉ ረጅሙ ሕንፃ። እ.ኤ.አ. በ2010 የተመረቀው 828 ሜትሩ ቡርጅ ኸሊፋ የሚጠራው በዚህ ነው።

«መዲና» ሴቴ ብትሆንም «አክበር» እንዳልተለወጠ ያያሉ።

መንገድ ለ፦ «አፍዐል» እና በ«አል» የታወቀ የብዙ ቁጥር ስም። «አክበሩል-ሙዱን» ማለት «ከከተሞቹ ሁሉ ትልቋ» ነው። በዚህ መንገድ ቃሉን በጾታ ማስማማትም ይፈቀዳል፤ በሴቴው («ኩብራ») «ኩብራል-ሙዱን» ቢሉ ትክክል ነው። ፊቱ ላይ «ሚን» ሲጨመር ደግሞ «ከታላላቆቹ አንዱ» የሚል ጠቃሚ አገላለጽ ይወጣል፦ «ጂዳ ሚን አክበሪል-ሙዱን ፊስ-ሱዑዲያ» (ጂዳ ከሳዑዲ ትልልቅ ከተሞች አንዷ ናት)። ጋዜጣ ለማንበብ የሚፈልጉ ሰዎች ይህን በሚገባ ይያዙት፤ በየገጹ ያገኙታል።

መንገድ ሐ፦ ስም በ«አል»፣ ማበላለጫውም በ«አል»። ጾታ መስማማት ግዴታ የሚሆነው እዚህ ነው። የሴቴው ወዝን «ፉዕላ» ነው፤ የመጀመሪያው ፊደል በካዕብ፣ ሁለተኛው በሳድስ፣ ሦስተኛው በረጅም «ኣ»፦

አል-አኹ-ል-አክበር — ታላቁ ወንድም
አል-ኡኽቱ-ል-ኩብራ — ታላቋ እህት
አል-ኡኽቱ-ሥ-ሡግራ — ታናሿ እህት

ይህን ቅርጽ ስንሰማው የኖርን ቢሆንም በስሙ አናውቀውም። መካከለኛው ምሥራቅ «አሽ-ሸርቁ-ል-አውሰጥ» ነው። በኢየሩሳሌም ያለው መስጊድ «አል-አቅሣ» የተባለው «እጅግ ሩቁ» በሚል ነው። የሰሃራ በረሃ «አሥ-ሠሕራኡ-ል-ኩብራ»፣ ታላቋ ብሪታንያ «ብሪጣንያ-ል-ዑዝማ»፣ ትንሿ እስያ «ኣስያ-ሥ-ሡግራ» ይባላሉ። የአላህ 99 ስሞች «አል-አስማኡ-ል-ሑስና» ናቸው። «ዱንያ» ራሱ የ«አድና» (እጅግ ቅርብ) ሴቴ ነው። «አወል» የሚለውም በዚህ ወገን ይቆጠራል፤ ሴቴው «ኡላ» ነው፦ «አል-መረቱ-ል-ኡላ» (የመጀመሪያው ጊዜ)።

በመንገድ ሐ ላይ አንድ ክልከላ አለ፦ «አል» ከገባ ማነጻጸሪያው «ሚን» አይገባም። «አል-አክበር ሚንኒ» አይባልም።

ደረጃ 6፦ ወዝኑ የማይቀበላቸውን ቃላት በ«አክሰር»፣ በ«አሸድ» እና በ«አቀል» ይርዷቸው

ሁለት ዓይነት ቃላት ወደ «አፍዐል» አይገቡም።

አንደኛዎቹ የቀለምና የአካል ጉዳት ቅጽሎች ናቸው። አሕመር (ቀይ)፣ አስወድ (ጥቁር)፣ አብየድ (ነጭ)፣ አዕረጅ (አንካሳ) ሲጀመሩም በ«አፍዐል» ቅርጽ ላይ ናቸው፤ ስለዚህ ቅርጹ ብልጫን ሊያሳይላቸው አይችልም። ሴቴያቸውም «ፉዕላ» ሳይሆን «ፈዕላእ» ነው፦ ሐምራእ፣ ሰውዳእ፣ በይዳእ። በ«አ» የጀመረውን ቃል ሁሉ ማበላለጫ ነው ብለው እንዳያነቡ ይህ ልዩነት ይጠቅምዎታል።

ሁለተኛዎቹ፣ በደረጃ 3 ካየነው «ሙሂም» በቀር፣ ከሦስት ፊደል በላይ ከሆነ ግስ የወጡ ናቸው፤ አብዛኞቹ በ«ሙ» ይጀምራሉ፦ ሙጅተሂድ (ትጉህ)፣ ሙዝደሒም (የተጨናነቀ)፣ ሙኽሊሥ (ቅን)። እነዚህን ወደ ሦስት ፊደል ለማሳጠር ቢሞከር የቃሉ ትርጉም ይጠፋል።

መፍትሔው ለአማርኛ ተናጋሪ ቤቱ ነው። እኛ «በትጋት ይበልጠዋል»፣ «በቅላት ይበልጣል» እንላለን፤ ብልጫውን ለብቻው፣ የተበለጠበትን ነገር በ«በ» እንናገራለን። ዓረብኛም እንዲሁ ያደርጋል፦ «አክሰር» (ይበልጥ) ወይም «አሸድ» (ይበረታል) ይላል፤ ከዚያ የነገሩን ስም ያለ «አል» በነስብ (በተሳቢ መልክ) ያስቀምጣል። በነህው ይህ ስም «ተምዪዝ» ይባላል፤ መጨረሻው ላይ የሚሰማው «አን» የእኛን «በ» ሥራ ይሠራል፦

ዘይነብ አክሰር ኢጅቲሃደን ሚን አኺሃ። — ዘይነብ ከወንድሟ በትጋት ትበልጣለች።
ሃዛል-ፊልፊል አሸድ ሑምረተን ሚን ዛክ። — ይህ በርበሬ ከዚያኛው በቅላት ይበልጣል።
አስ-ሱቅ አክሰር ኢዝዲሓመን ሚነል-መስጂድ። — ገበያው ከመስጊዱ ይበልጥ ተጨናንቋል።

«ያነሰ» ለማለት «አክሰር»ን በ«አቀል» ይለውጡ፦ «አቀል ኢዝዲሓመን» (ያነሰ መጨናነቅ ያለበት)። ለ«ያነሰ» ሌላ መላ ስለሌለ ይህ ለማንኛውም ቃል ያገለግላል።

እንግዲህ «አክሰር ከቢር» ለምን ስሕተት እንደሆነ አሁን በምክንያት ያውቁታል። አንደኛ፣ ከቢር በራሱ «አክበር» መሆን ይችላልና እርዳታ አይሻም። ሁለተኛ፣ ከ«አክሰር» በኋላ የሚመጣው ስም ነው እንጂ ቅጽል አይደለም።

ደረጃ 7፦ ከሕጉ የወጡትን ጥቂቶች በቃል ይያዙ

«ኸይር» (የሚሻል) እና «ሸር» (የሚከፋ) ያለ «አ» ያበላልጣሉ፤ ተንዊንም ይቀበላሉ። የሱብሒን አዛን የሚሰማ ሁሉ «አሥ-ሠላቱ ኸይሩን ሚነን-ነውም» (ሶላት ከእንቅልፍ ይሻላል) ሲባል ሕጉን በተግባር ይሰማዋል። ለ«ጀይዪድ» (ጥሩ) በዕለታዊ ንግግር «አሕሰን» ወይም «አፍደል» ይባላል። ለ«ሰይዪእ» (መጥፎ) «አስወእ» ነው። ከ«አስወድ» (ጥቁር) ጋር እንዳይምታታብዎ መጨረሻውን አጥርተው ይጥሩ።

በየአገሩ አነጋገር የሚለወጠው

እስካሁን ያየነው መደበኛው ዓረብኛ ነው። ወዝኑ በየአገሩ አነጋገር ያው ነው፤ የሚለወጠው የፊደሎች ድምፅና የመጨረሻ አናባቢዎች መጉደል ነው። በባሕረ ሰላጤው «አቅረብ» ብዙ ጊዜ «አግረብ» ይባላል፤ በካይሮ «አእረብ» ይሆናል፤ «አጅመል»ም እዚያው «አግመል» ነው። በሊባኖስና በሶርያ «አክሰር» ወደ «አክተር»፣ «አሥገር» ወደ «አዝገር» ይዞራል። በንግግር ከሁሉ የሚበልጠውን ለማመልከት «አክበር ዋሒድ» (ትልቁ) ማለትም የተለመደ ነው። አሠሪዎ የሚናገረውና መጽሐፉ የሚለው የተለያየ ከመሰለዎ አይደናገጡ፤ ሥሩንና ወዝኑን ይፈልጉ፣ ሁለቱም አንድ ሆነው ያገኟቸዋል።

ራስዎን ይፈትኑ

መልሱን ሳያዩ እነዚህን በዓረብኛ ይበሉ፦

1. ሻንጣዬ ከሻንጣህ ይቀላል።
2. ዘይነብ በዕድሜ ከወንድሟ ትበልጣለች።
3. በገበያው ከሁሉ ርካሹ ሱቅ።
4. ይህ መንገድ ከዚያኛው ያነሰ መጨናነቅ አለበት።
5. ታላቅ እህቴ።
6. ይህ ከዚያ ይበልጥ ነጭ ነው።

መልሶቹ፦ 1. ሐቂበቲ አኸፍ ሚን ሐቂበቲከ። 2. ዘይነብ አክበር ሚን አኺሃ። 3. አርኸሥ ዱካን ፊስ-ሱቅ። 4. ሃዛ-ጥ-ጠሪቅ አቀል ኢዝዲሓመን ሚን ዛክ። 5. ኡኽቲ-ል-ኩብራ። 6. ሃዛ አሸድ በያደን ሚን ዛክ።

ሁለተኛው ላይ «ኩብራ» ብለው ከሆነ ወደ ደረጃ 4 ይመለሱ፤ አምስተኛው ላይ «አክበር» ብለው ከሆነ ወደ ደረጃ 5። ስድስተኛው ላይ «አብየድ ሚን» ካሉ ደረጃ 6ን ደግመው ያንብቡ። ሦስቱ ሲጠሩልዎ የዚህ ምዕራፍ አስቸጋሪው ክፍል አልቋል።

ከዚህ ቀጥሎ ወዴት?

በ1274 እ.ኤ.አ. ደማስቆ ላይ ያረፈው ኢብን ማሊክ በ«አልፊያ» መጽሐፉ ከማበላለጫው ምዕራፍ አስቀድሞ የአድናቆትን ምዕራፍ አስቀምጧል። ሁለቱን ያስተሳሰራቸውም በምክንያት ነው፦ በአድናቆት ቅርጽ መውጣት የሚችል ሥር ሁሉ በማበላለጫም ይወጣል፤ በአንዱ የተከለከለው በሌላውም ተከልክሏል። ስለዚህ የለፉበት ነገር ሌላ ምዕራፍ በነጻ ይከፍትልዎታል። «አፍዐል»ን ይያዙ፣ መጨረሻውን በግዕዝ ያድርጉ፣ ፊቱ ላይ «ማ» ይጨምሩ፣ የሚደነቀውን ስም በነስብ ያስከትሉ፦ «ማ አጅመለል-በይተ!» (ቤቱ እንዴት ያምራል!)፣ «ማ አስሀለ-ድ-ደርሰ!» (ትምህርቱ እንዴት ቀላል ነው!)። ከደረጃ 2 ዝርዝር ውስጥ ያሉትን አሥራ ሁለት ቃላት በዚህ ቅርጽ አንድ በአንድ ያውጧቸው፤ ያን ሲጨርሱ ማበላለጥንም ማድነቅንም ይዘዋል።